የተሰፋ ትከሻ ለምን ዳግም ይወልቃል?

ትከሻው ተሰፍቶለት ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ዳግም የወለቀበት ወጣት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቀዶ ሐኪሙን ነው፤ «ክሩ ተበጥሶ ይሆናል» ይላል። ዘመድ ደግሞ «አንተው አርፈህ አልተቀመጥክም» እያለ ጥፋቱን ወደ እሱ ያዞረዋል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ። እኔ ግን ብዙው ስፌት የሚከሽፈው ገና ቢላዋ ሳይነሳ ነው ባይ ነኝ፤ የአጥንቱ ጉዳት ሳይለካ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ሲመረጥ።

የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው። ጀበና ማቶት ላይ እንደማስቀመጥ ነው። እንዳይንሸራተት የሚይዙት ጎድጓዳውን ዙሪያውን ያቀፈው ላብረም የሚባለው ጠርዝ፣ ጅማቶቹና ጡንቻዎቹ ናቸው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ብላንደል ባንካርት በ1923 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ ላይ ይህ ጠርዝ ከፊት በኩል ከአጥንቱ ተላቅቆ እንደሚገኝ አመለከተ። ጠርዙን መልሶ መስፋት ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ አሁን የሚሠራው ባብዛኛው በጠባብ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ነው።

ውልቃት ግን ጠርዙን ብቻ አይጎዳም። የክንዱ ራስ በወጣና በገባ ቁጥር የጎድጓዳውን የፊት ዳር ይፍቃል፣ ራሱም ከኋላው ይሰረጉዳል። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው በርክሃርትና ደቡብ አፍሪካዊው ደ ቢር 194 የባንካርት ስፌቶችን መርምረው ያገኙት ውጤት ሙያውን አናጋው። ጉልህ የአጥንት ጉድለት ከሌላቸው ታካሚዎች መካከል ችግሩ የተመለሰባቸው 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ጉድለት ካለባቸው ግን 67 በመቶ። ያው እጅ፣ ያው ክር! ማቶቱ ከተሸረፈ ጥሩ ስፌት ምን ያደርጋል?

ለጎደለ አጥንት መልሱ አጥንት ነው። የሊዮኑ ሚሼል ላታርዤ በ1954 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ከትከሻ አጥንት ላይ ኮራኮይድ የተባለውን ጉጥ ከነጅማቱ ቆርጦ በጎድጓዳው ፊት በብሎን ያስራል። በጉድለቱ ፈንታ አጥንት ይተካል፤ ጅማቱም ክንድ ሲነሳ ከፊት ደግፎ ይይዛል። ነገር ግን ነርቭ ሊጎዳ፣ ብሎኑ ሊላላ፣ የተተከለው አጥንት ሊሟሽሽ ይችላል፤ ስለዚህ ለሁሉም ትከሻ ይሠራ ማለትም ሌላ ዓይነት አለመለካት ነው።

ማጥበቅን እንደ መድኃኒት ማየት ደግሞ የቆየ ፈተና ነው። ሂፖክራተስ ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ ብብቱን በጋለ ብረት መተኮስን መክሮ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የመገጣጠሚያውን ከረጢት በሙቀት ማኮማተር እንደ አዲስ ግኝት ተመልሶ መጣ፤ ከረጢቱ መልሶ ላላ፣ አንዳንዱም ላይ ልም አጥንቱ ተበላ፣ ዘዴውም ተተወ። ከዚያ በፊት የነበረው ፑቲ-ፕላት የተባለ ቀዶ ሕክምና የፊቱን ጡንቻ አሳጥሮ ያጠብቅ ነበር። ትከሻው አይወልቅም፤ ክንዱ ግን ወደ ውጭ አይዞርም፣ ውሎ አድሮም መገጣጠሚያው ያረጃል። እንዲህ ያለውን ትከሻ፣ ውልቃት ብቻ የሚቆጥር መዝገብ «የተሳካ» ይለዋል፤ እኔ አልለውም።

መለካት የግድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የጉድለቱን መጠን በትክክል የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው፤ ሆኖም ቀዶ ሐኪሞቹ ባልግና ቧሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት የ10 ነጥብ መመዘኛ ጥያቄ፣ ምርመራና ተራ ራጅ ይበቃዋል። ዕድሜ 20ና ከዚያ በታች፣ የውድድር ስፖርት፣ ግጭት ወይም ክንድን ከራስ በላይ ማወናጨፍ ያለበት ጨዋታ፣ የመገጣጠሚያ ልልነት፣ በራጅ የሚታይ የአጥንት ጉዳት፣ እያንዳንዱ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ በጥናታቸው ድምራቸው ከ6 አልፎ ስፌት ብቻ ከተደረገላቸው በ70 በመቶው ላይ ችግሩ ተመልሷል። ሲቲ ስካን ለብዙው ሰው በማይዳረስበት እንደኛ ባለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በሽታው በመድኃኒት ካልተገታ የትኛውም ዘዴ ላያዛልቀው ይችላል።

እኛ ዘንድ የወለቀ ትከሻ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን መልሶ አስገብቶ፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ያለ ቀጠሮ የሚያሰናብት ድንገተኛ ክፍልም ከእሱ አይሻልም። ሕመሙ ያልፋል፣ ልጁ ወደ ሜዳው ይመለሳል፣ ትከሻው ደግሞ ይወጣል። በመጨረሻ የአጥንት ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ስንተኛ ጊዜህ ነው?» ቢሉት ቁጥሩን አያውቀውም።