የላቬንደር ሽቶና የሶፍ ጎረቤት



ሽቶ ለወንድ ልጅ ቅንጦት ነው የሚሉ አይታጡም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን መልካም ሽታን ይወዱ ነበር፤ ለጁሙዓ ታጥቦና ሽቶ ተቀብቶ መምጣትንም አስተምረውናል። እንግዲህ ጥያቄው «እንቀባ ወይ?» ሳይሆን «የትኛውን? ምን ያህል?» የሚለው ነው። ለዛሬ የምናየው በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበውን የዣን ፖል ጎልቲዬን «ለ ማል ኤሊክሲር» ነው።

መሠረቱ ላቬንደር፣ ዓረቦች ኹዛማ የሚሉት ሐምራዊ አበባ ነው። አበባው ለወንዶች ሽቶ እንግዳ አይደለም። በ1882 የወጣው የኡቢጋን «ፉዤር ሯያል» ላቬንደርን ኩማሪን ከተባለው ቅመም ጋር አዋሃደ። በ1934 የካሮን «ፑር ኧን ኦም» ከቫኒላ አጣመረው። በ1995 ፍራንሲስ ኩርክጂያን የቀመመው የመጀመሪያው «ለ ማል» ደግሞ ላቬንደርና ቫኒላን ከናና ጋር ይዞ መጣ። አዲሱ ማርና ትምባሆ ታክሎበት ወፍሯል።

ሲረጭ ቀድሞ የሚመጣው የላቬንደርና የናና ቀዝቃዛ ሽታ ነው፤ ታጥቦ የደረቀ ልብስ ያስታውሳል። ላቬንደር ግን ቀላልና ፈጥኖ የሚተን ነው። ብዙም ሳይቆይ ማሩና ቫኒላው ይረከቡታል፤ እነርሱ ቶሎ አይለቁም፣ ልብስ ላይ ያድራሉ። ለብርድ ምሽትና ለሠርግ ያምራል። በሙቀት፣ ትከሻ ለትከሻ ለሚቆም የጁሙዓ ሶፍ ግን ይከብዳል።

ነጭ ሽንኩርት በልተን ወደ መስጂድ እንዳንመጣ የተከለከልነው ጎናችን ያለው እንዳይቸገር ነው። በመጥፎ ሽታ ማስቸገር ከተጠላ፣ መልካሙንም አብዝቶ አስም ያለበትን ወንድም ማስጨነቅ አይገባም። ለዚህ ሽቶ አንድ ርጭት ይበቃል፤ ለጁሙዓ ከሆነም ከቤት ከመውጣት ቀደም ብሎ ይሁን።

ጠርሙሱ በወንድ ገላ ቅርጽ የተሠራ ነው። ለቤተሰብ መደርደሪያ ስለማይመች በማሸጊያው ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። አልኮል ስላለበት ሽቶ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ልቡ ያልረጋ አልኮል የሌለበትን ዒጥር ይምረጥ።

ወጣቱ ወንድሜ ሆይ! ለሽቶ ብለህ የወር ደመወዝህን አታራቁት። ከመግዛትህ በፊት በእጅህ አንጓ ላይ አስረጭና ግማሽ ሰዓት ቆይ፤ ገንዘብ የምትከፍለው ለመጀመሪያው ደቂቃ ሳይሆን አብሮህ ለሚውለው ሽታ ነው። ካፉር ካፉር የሚል ርካሽ ላቬንደር ቢያጋጥምህ ደግሞ ምናልባት ላቫንዲን የተባለው ድቃል ይሆናል። ብዙ ዘይት ስለሚሰጥ ዋጋው ይቀንሳል፤ ለሳሙናም የሚውለው በአብዛኛው እርሱ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ንጹሕ ገላ ላይ ጥቂቱም ያምራል። ባልታጠበ ገላ ላይ ግን ውዱም ሽቶ አያድንም።

አላህ (ሱ.ወ) ውጫችንንም ውስጣችንንም ያሳምርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም!