ለእናት ዓይን ዐሥር ቀን

ወረንጦ የእሾህ ማውጫ ነው። አረርቲ ገበያ ከሚወጡት የምንጃርና የሸንኮራ እናቶች መካከል ግን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረው፣ የገዛ ሽፋሽፍታቸውን የሚያስነቅሉበት አሉ። ልጅ ወይም ጎረቤት ፊት ለፊት ይቀመጥና ወደ ውስጥ የዞረውን ፀጉር አንድ በአንድ ይለቅምላቸዋል። ጥቂት ሳምንት ፋታ ይሰጣል። ፀጉሩ ሲበቅል መውጋቱም ይመለሳል። ጫፉ በደንብ የማይገጥም ወረንጦ ደግሞ ፀጉሩን ከሥሩ ሳይነቅል ከመሀል ይሰብረዋል፤ የቀረው ጉቶ ከሙሉው ፀጉር የባሰ ይቧጥጣል።

እዚህ የሚያደርሰው የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ ነው። ባክቴሪያው በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል፤ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ ከሕፃናት ፊት በማይጠፋው ዝንብ ይተላለፋል። በየጊዜው የዳነ የሚመስለው ሕመም የዓይን ቆቡን ውስጠኛ ገጽ እያጠባሰሰ ይሄዳል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይጭራል። ሕፃን የሚያቅፉት፣ ዓይንና አፍንጫውን የሚጠርጉት ሴቶች ስለሆኑ እዚህ ደረጃ የሚደርሱትም በብዛት ሴቶች ናቸው። በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ የጸናው በኢትዮጵያ ነው፤ በኢትዮጵያም በአማራ ክልል። የዞረውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ መመለስ ይቻላል፤ በትራኮማ ፕሮግራሙ የሚሠራላቸው ሰዎችም ክፍያ አይጠየቁም።

አረርቲ ያሉ ወጣቶች ስለ ፊት ቀዶ ሕክምና ሲያነሡብኝ የሚጠይቁኝ ግን ስለ እናቶቻቸው ዓይን አይደለም። በስልካቸው ስለሚያዩት፣ የተሸበሸበ ፊት ስለሚወጥረው ፌስ ሊፍት ነው። ጥያቄያቸውን አልንቅም፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። በጆሮ ዙሪያ እስከ ፀጉር ውስጥ ተቆርጦ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ተስቦ ይሰፋል፤ የተረፈው ቆዳ ይወገዳል። ፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ያብጣል፣ ይጠቁራል። ከቆዳው ሥር ደም ሊቋጥር፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሊጎዳ፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ቁስሉ አልድን ሊል ይችላል። እርጅናውም አይቆምም። ይህን ሁሉ በደንብ የሚሠራ ሐኪም አስቀድሞ ለታካሚው ይነግረዋል፤ ታካሚውም አስቦበት፣ ፈርሞ፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ይገባል። ዓይኗ በነፃ የሚሠራላት የገበሬ ሚስት ግን ብዙ ጊዜ የሚነገራት "ቶሎ ያልቃል፣ አይዞሽ" የሚለው ብቻ ነው። ለመጨማደድ የሚሰጠው ያ ሁሉ ማብራሪያ ለዓይን ብርሃን መነፈጉ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪነግራት ሳልጠብቅ፣ እኔ ልናገር።

የዓይን ቆቡ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በጤና ጣቢያም ጭምር ነው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ታካሚዋ እንድታንቀላፋ አይደረግም፣ ሙሉ ማደንዘዣም የለም። ፊቷ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይሸፈናል፣ ማደንዘዣው በመርፌ ቆቡ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም የሚያመው ይኸው መርፌ ነው፤ ያቃጥላል፣ ከዚያ ቆቡ ይደነዝዛል። ሲቆረጥ መጎተትና መጫን ይሰማታል እንጂ ስለት አይሰማትም። ሰው ሲነጋገር ትሰማለች፤ ዓይኗ ላይ መብራት ይበራል። ባለሙያው የቆቡን ጠርዝ ከፀጉሩ ጋር ለይቶ ወደ ውጭ ያዞርና በክር ይይዘዋል። አንዱ ዓይን ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ከተሠሩ ግን ዓይኗ ታሽጎ ስለምትወጣ እጇን ይዞ ቤት የሚያደርሳት ሰው የግድ ያስፈልጋል። ይህን ሳይነገራቸው ብቻቸውን የመጡ እናቶች በግድግዳ ተደግፈው ሲወጡ ማየት ልብ ይሰብራል።

በማግስቱ እሽጉ ይነሣል። ቆቡ አብጧል፣ ጠቁሯል፣ ዓይን ሙሉ በሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ይኸው ቀዶ ሕክምና የተሠራላት አክስቴ በዚያ ጠዋት "ጨርሰው አጠፉኝ" ብላ አለቀሰች፤ እንደሚያብጥ የነገራት ሰው አልነበረም። እብጠቱ በቀናት ውስጥ እየጎደለ ይሄዳል። መባስ ከጀመረ፣ መግል ከያዘ፣ ደሙ አልቆም ካለ ወይም እይታዋ ካነሰ ግን ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅም። የሚሰጣትን ቅባት በተነገራት መሠረት መቀባት፣ ዓይኗን አለማሸት፣ ክሮቹን አለመነካካት ይገባታል።

እዚህ ላይ የኛ ቤት ነገር ይመጣል። ቁስል ያለበት ሰው ምች ይመታዋል ብለን እንፈራለን። ከፀሐይና ከአቧራ መጠበቁ ደግ ነው፤ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ዳማ ከሴ ጨምቆ የተሰፋው ቆብ ላይ ማንጠባጠብ ግን ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መሄድ የፈለገችም እናት ክሮቹ ወጥተው ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ፊቷን ባታስጠምቅ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ትጠመቅ። ካህናቱ ይህን ቢነግሯት ከሐኪም ይልቅ ትሰማቸዋለች። ሌላው ጠላት ጭስ ነው። በኩበት እሳት ምጣድ ፊት ማጎንበስ የተሰፋ ዓይንን ያስለቅሰዋል፤ ላብና ጥቀርሻም ቁስሉ ላይ ይወርዳል። አክስቴ በሦስተኛው ቀን ጋግራለች። የሚጋግርላት ስላልነበረ አይደለም፤ ማንም "አንቺ ተቀመጪ" ስላላላት ነው።

ክሮቹ የሚወጡት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ዐሥር ቀን የምለው። በእነዚያ ቀናት ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ከብት የሚያጠጣው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ባል ቢሆን፣ ወንድ ልጅ ቢሆን፣ ምራት ብትሆን። ሽሮው በሌላ እጅ ቢቀቀል ቤቱ አይፈርስም።

ሌላው የማይነገረው ነገር ፀጉሩ ሊመለስ መቻሉ ነው። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1000 ታካሚዎችን በሁለት ዓይነት አሠራር መድበው ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ቆቡን ከውጭኛው ቆዳ ጀምሮ ዘልቆ በሚቆርጠው አሠራር ከተሠራላቸው በዓመት ውስጥ ከመቶ 22ቱ ላይ ፀጉሩ ተመልሷል፤ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው ከመቶ 13ቱ ላይ። ወላይታ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንዴ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የመመለሱን ዕድል በሢሦ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ ታካሚዋ ወይም አብሯት የሄደው ልጇ "ክኒኑ ተሰጥቷታል ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይባልም። የዞሩት ፀጉሮች ጥቂት ከሆኑና ቀዶ ሕክምናውን ከፈራችም፣ በጥሩ መንቀያ፣ ዓይኑ ቅርብ በሚያይና በሠለጠነ ሰው ማስነቀል ብሌኑን እንደሚጠብቅ በዚሁ ክልል በ1300 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ከአንገት ላይ የሚወርደው ወረንጦ ግን ያ መንቀያ አይደለም።

የጠፋን ብርሃን ቀዶ ሕክምናው አይመልስም። ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ከወጣ በኋላ የሄደች እናት "ልታዪ ነው" ተብላ ከሄደች ተታልላለች። የሚቆመው ውጋቱ ነው፣ ዕንባው ነው፣ ብርሃን አለመቻሉ ነው። ይህም ቀላል አይደለም፤ ከሕክምናው ዓመት በኋላ የተጠየቁ ታካሚዎች እይታቸው ባይሻሻል እንኳ ኑሯቸውና ሥራቸው በብዙ እንደተቃና ተናግረዋል።

የቀዶ ሕክምናውን ወቅት ለሚወስኑት የወረዳ ኃላፊዎችም አንድ ነገር እላለሁ። ምንጃር የጤፍ አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለችን ሴት ለቀዶ ሕክምና መጥራት እንደማትመጣ እያወቁ መጥራት ነው፤ ብትመጣም የአውድማው ገለባና አቧራ ይጠብቃታል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ክር የሚያወጣ ባለሙያ በቅርብ መኖሩን ሳያረጋግጡ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ቀጠሮ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉት እሱን ነው። ባለሙያው የቆቡ ጠርዝ ቀጥ ማለቱን፣ አንድም ፀጉር አለመመለሱን፣ ሥጋ አለመብቀሉን ያያል፤ ካለም ገና በእንጭጩ ይቀጨዋል። በጥር የተሠራላት እናት ቀጠሮዋ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ይደርሳል። ክረምቱ መንገዱን ጭቃ ሳያደርገው በግንቦት ትሂድ፤ ቀኑን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዘንድ ታስመዝግብ፤ በዚያ ቀን አህያውን ወይም የባጃጁን ሂሳብ የሚያዘጋጀው ልጅም ከአሁኑ ይታወቅ።