ገቢው በዓመት፣ ክፍያው በየቀኑ፦ የቪዲዮ ጌም የደንበኝነት ክፍያ በቡና አገር

በሚዛን ተፈሪ ከትምህርት ቤት መልስ ወጣቶች ከሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የክፍያው ሥርዓት ለማንም ግልጽ ነው። ተጫዋቹ የአንዱን ግጥሚያ ዋጋ ከፍሎ ጆይስቲኩን ይጨብጣል፤ ግጥሚያው ሲያበቃ ለተረኛው ያስረክባል፤ ገንዘብ የሌለው ቆሞ ያያል። መብራት በመሐል ከጠፋ ባለቤቱ ወይ ጨዋታውን ያስደግማል ወይ ገንዘቡን ይመልሳል። ውሉ በጽሑፍ ያልሰፈረ ቢሆንም መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል።

በእጅ ስልክ ላይ ያለው ጨዋታ ግን ሌላ ዓይነት ውል ይዞ መጥቷል። ጨዋታው ራሱ ብዙ ጊዜ በነጻ ይገኛል። አዲስ ደረጃ፣ አዲስ ልብስ፣ አዲስ መሣሪያ ወይም ከማስታወቂያ ነጻ መሆን ሲያስፈልግ ተጫዋቹ «ደንበኛ» እንዲሆን ይጠየቃል፤ ክፍያውም እስኪቋረጥ ድረስ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይቀጥላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ በአካባቢያችን የዚህ አሠራር ዋና ችግር የዋጋው መጠን ሳይሆን ራሱን በራሱ የሚያድስ መሆኑ ነው። ስለዚህም መታረም ያለበት በቅድሚያ ዋጋው ሳይሆን የፈቃድ አሰጣጡ ነው።

የአሠራሩ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተጫዋቾቹን በየወሩ ያስከፍል ነበር። በ2006 ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ «ኦብሊቪየን» ለተሰኘው ጨዋታ የፈረስ ጥሩር ለብቻው አውጥቶ በ2.50 ዶላር ሲሸጥ ብዙ ተጫዋቾች ተሳለቁበት። ሆኖም መንገዱ ተከፍቶ ነበር። በ2010 ፕሌይስቴሽን ፕላስ፣ በ2017 ኤክስቦክስ ጌም ፓስ ተከተሉ፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ፎርትናይት ተጨማሪ ይዘቶቹን በወር 11.99 ዶላር በደንበኝነት ማቅረብ ጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ክፍያ በባንኮች ተመን ሲሰላ ወደ 680 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ 1,200 ብር ደረሰ፤ ከዚያም አለፈ። በጨዋታው ላይ ግን አንድም ነገር አልተጨመረም።

እንዲህ ያለውን ክፍያ በዶላር ካርድ የሚፈጽም የሚዛን ተፈሪ ወይም የቴፒ ተማሪ ብርቅ ነው። ወደ እኛ የገባው መልክ ይበልጥ ትንሽና ይበልጥ የማይታይ ነው፦ ወደ አጭር ቁጥር አንድ ቃል መላክ፣ ከዚያም ከስልኩ ቀሪ ሂሳብ በየቀኑ ጥቂት ብር መቆረጥ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ የዕለት ተዕለት ልማድ ሆኗል። ይህ ትልቅ እድገት ነው። ነገር ግን ክፍያ በቀለለ ቁጥር ተጠቃሚው ስለ ክፍያው የሚያስብበት ጊዜም ያጥራል።

በቤተሰቤ የደረሰውን ልጥቀስ። የ13 ዓመት ወንድሜ በእናታችን ስልክ ሲጫወት አንድ አዝራር ነክቶ የአንድ አገልግሎት ደንበኛ ሆነ። በቀን 2 ብር ይቆረጥ ነበር። እናታችን ካርድ በሞላች ቁጥር ሂሳቧ ለምን እንደሚጎድል አልገባትም፤ መልእክቶቹን ማንበብ ስለማትችል «ኔትወርኩ በላው» ትል ነበር። እኔ ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ሰባት ወራት አልፈው ነበር፤ ወደ 420 ብር ማለት ነው። ወንድሜ ጨዋታውን ከተወው ስድስት ወር ሆኖታል። መብራት በጠፋባቸውና ኔትወርክ ባልነበረባቸው ቀናት ሂሳቡ ባይቆረጥ እንኳ ካርድ በተሞላ ቅጽበት ክፍያው ይቀጥል ነበር። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ወንድሜ ነገሩን ሲረዳ እንደ ሌባ አንገቱን ደፋ። እናታችንን ማታለል ቀርቶ፣ ውል መግባቱን እንኳ አያውቅም ነበር።

ጉዳዩ በቡና አገር የተለየ ክብደት የሚኖረው በገቢው ዑደት ምክንያት ነው። ራሱን የሚያድስ ክፍያ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የተቀየሰ ነው። በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ የአነስተኛ ቡና አምራች ቤተሰብ ዋነኛ ጥሬ ገንዘብ የሚገባው ግን ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች የሚሠራው የቀን ሠራተኛም ሥራ የሚበዛለት በለቀማ ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ እጅ ያጥራል። በኅዳር ያልተሰማች 2 ብር በሐምሌ ጨው ናት፤ ክፍያው ግን ኅዳርንና ሐምሌን አይለይም። ገበሬው ቡናውን ገና በዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ አስቀድሞ መሸጥ ምን እንደሚያስከትል ከልምድ ያውቃል። ዛሬ በቀላሉ የተሰጠ ቃል ነገ ከየት እንደሚከፈል ሳይታወቅ ሲቀር ቤት ይጎዳል።

በሌላው ወገን የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የደንበኝነት ክፍያ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ለማይችል ሰው ብዙ ጨዋታዎችን በጥቂት ብር ይከፍትለታል። ለአገር ውስጥ የጨዋታ ሠሪዎችም የማይዋዥቅ ገቢ ያስገኛል። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን የመሳሰሉ ከራሳችን ባህል የተቀዱ ጨዋታዎችን ሠርቶ ለስልክ አቅርቧል፤ እንዲህ ያሉ ሥራዎች እንዲበዙ ከፈለግን የሚከፍል ተጫዋች ያስፈልጋል። ይህን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ደንበኛው ረስቶት በሚቀጥል ክፍያ ላይ የቆመ ገቢ የጨዋታውን ጥራት አይመሰክርም፤ ሠሪውንም ስለ ተጫዋቹ ፍላጎት አንዳች አያስተምረውም። ተጫዋቹ አውቆ ደጋግሞ የሚከፍልበት አሠራር ግን ሁለቱንም ያደርጋል።

የሌሎች አገሮች ልምድም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ ለተጠቃሚዎች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ከቀረቡት ክሶች መካከል ተጫዋቾች በአንድ አዝራር ንክኪ ሳይፈልጉ እንዲከፍሉ መደረጋቸውና ልጆች ያለወላጅ ፈቃድ ግዢ መፈጸማቸው ይገኙበታል። የወንድሜ ታሪክ የሚዛን ተፈሪ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚጠይቅ አካል መገኘቱ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ ባዶ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። እንግዲህ የ13 ዓመት ልጅ አንድ አዝራር በመንካቱ የእናቱ ሂሳብ ለወራት የሚቆረጥ ከሆነ፣ ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? የሲም ካርዱ ባለቤት አላወቀችም፤ ያወቀው ልጅ ደግሞ በሕግ ፊት ፈቃዱ የጸና አይደለም። እንደ እኔ እምነት፣ እዚህ ላይ በእውነት የተሰጠ ፈቃድ የለም።

ከዚህ በመነሳት ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለጨዋታ ይዘት የሚፈጸም የደንበኝነት ክፍያ ጊዜው ሲያበቃ በራሱ ይቋረጥ፤ መቀጠል የሚፈልግ እንደገና ይፍቀድ። ዛሬ ዝም ማለት «ቀጥል» ማለት ነው፤ «በቃኝ» ማለት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከክፍያ በፊት የሚላከው ማሳወቂያ ዋጋውንና የማቋረጫውን መንገድ በአጭሩ ይናገር፤ ማንበብ ለማይችሉም በድምፅ፣ ከአማርኛ በተጨማሪ በቤንችኛ፣ በካፊኖኖና በሸኪኖኖ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ደንበኝነቱ ከመጽናቱ በፊት የሲም ካርዱ ባለቤት በምሥጢር ቁጥሩ ያረጋግጥ። እነዚህ አዲስ ቴክኖሎጂ የሚሹ አይደሉም፤ ቴሌብር ገንዘብ ሲላክ የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃልና።

ለእኛ ለተመራማሪዎችም የቀረ ሥራ አለ። በአካባቢያችን ስንት ቤተሰብ ሳያውቅ ደንበኛ እንደሆነ፣ ክፍያው በለቀማ ወቅትና በክረምት እንዴት እንደሚለያይ፣ ሴቶች በስማቸው ባለ ሲም ካርድ ላይ ምን ያህል ቁጥጥር እንዳላቸው በመስክ ጥናት ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች በጋራ ቢይዟቸው ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በላይ ይወጣቸዋል።

በገበያችን «ደንበኛ» ክቡር ቃል ነው። ቡና ሻጯ ደንበኛዋን በስሙ ታውቀዋለች፤ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላም አንድ እፍኝ ምርቃት ትጨምርለታለች። ቢቀር ትጠይቃለች እንጂ ባልመጣበት ቀን አታስከፍለውም። የጨዋታ ኩባንያዎች ምርቃቱን መሸጣቸው የንግድ መብታቸው ነው። ደንበኛ ብለው ሲጠሩን ግን የቃሉን ግዴታም አብረው ይቀበሉ።