የቬኒስ አሮጌ ምሰሶዎች

በኢጣልያ አገር የቬኒስን ከተማ የከበበው ውሃ ለዓይን ሰፊ ይምሰል እንጂ አብዛኛው ጥልቀት የለውም። ጀልባ ሳይቀረቀር የሚያልፍበትን መሥመር ለማመልከት የባሉጥ ግንዶች፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስቱ በአንድነት ታስረው፣ በጭቃው ውስጥ ተተክለዋል። የአገሩ ሰዎች ብሪኮላ ይሏቸዋል።

ምሰሶው የሚታመመው በወገቡ ነው። በጭቃው የተቀበረው እግሩ አየር ስለማያገኘው ብዙ ዘመን ይቈያል፤ የባሕሩ ሙላትና ጕድለት የሚያረጥበውንና የሚያደርቀውን ወገቡን ግን የመርከብ ትል ይበላዋል። ይህ ፍጥረት ትል ይባል እንጂ ወገኑ ከባለ ዛጎሎቹ ነው፤ በራሱ ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ ዛጎሎች እንጨቱን እየፋቀ ይገባል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1731 ዓ.ም. በሆላንድ የባሕር መከላከያ ግድቦችን እንጨት ሲበላ ስለተገኘ፣ ሆላንዶች ፊታቸውን ወደ ድንጋይ ለማዞር ተገደዋል።

ያረጀው ምሰሶ ሲነቀል ግን ሁሉ ነገሩ አላለቀም። አናጢዎች ጨውና ጭቃውን አጥበው፣ ምስማሩን ነቅለው፣ ግንዱን በመጋዝ ሰንጥቀው ቀስ ብለው ያደርቁታል። በዚህ ላይ የቸኰለ ሰው ጣውላው ይሰነጠቅበታል። ከዚያ በኋላ ለጠረጴዛና ለቤት ወለል ይውላል። ትሉ የቦረቦረው ቀዳዳ እንደ ጌጥ ስለሚታይ ጣውላው በውድ ይሸጣል። (ትሉ ለድካሙ ምንም አልተከፈለውም።)

ይህ የባለጸጎች ቅንጦት ነው የሚል ተቺ አይጠፋም፤ በከፊል እውነቱን ነው። ለአዲሱ ምሰሶም ሌላ ባሉጥ መቈረጡ ስለማይቀር፣ በዚህ ሥራ ደን ዳነ ብሎ መፎከር አይገባም። ይሁን እንጂ ዋናው ጕዳይ ምሰሶው የሚነቀልበት ቀን ነው። ወገቡ እስኪቈረጥ ቢጠበቅ፣ የተሰበረው ግንድ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ በጨለማ ለሚመጣ ጀልባ አደጋ ይሆናል፤ ለአናጢውም የሚተርፈው ጕማጅ ብቻ ነው። በጊዜው ከተነቀለ ግን መንገዱም ይጠበቃል፣ ረጅም ጣውላም ይገኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ እንጨት በውሃ ውስጥ ያለው ማናቸውም መሥሪያ ቤት ምሰሶዎቹን በየዓመቱ ይመርምር፤ የተተከሉበትን ዓመት በመዝገብ ይያዝ፤ ወገባቸው የሳሳውንም ለይቶ የጨረታውን ማስታወቂያ ከመነቀላቸው አስቀድሞ ያውጣ።