የሠፈርን ፊልም ከሠፈሩ ልጆች ጋር

ስለ ኒው ዮርኩ የብሮንክስ ሠፈር የሂፕ ሆፕ ወጣቶች የተሠራውን «ዋይልድ ስታይል»ን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚነቅፈው ትወናውን ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዞሮን የሚጫወተው ሊ ኪኞኔስ ሲናገር ያፍራል፤ ታሪኩም ስስ ነው። ነቀፋው ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1983 ለተመልካች የቀረበው ይህ የቻርሊ አኸርን ፊልም በዘመኑ ከነበሩ ብዙ የተዋጣላቸው ፊልሞች ይልቅ ዛሬም ይታያል። ኪኞኔስ ሌሊት የባቡር ማደሪያ ሰብሮ እየገባ ፉርጎ ላይ ሥዕል ሲሥል የኖረ ወጣት ነበር። አብራው የምትተውነው ሌዲ ፒንክም ሠዓሊ ናት፤ ዲጄው ግራንድማስተር ፍላሽ በፊልሙ ውስጥ ሸክላ የሚያሽከረክረው እንደ ሁልጊዜው ነው። የማጠቃለያው ኮንሰርት የተቀረጸበትን፣ ተጥሎ የከረመ የምሥራቅ ወንዝ ዳር መድረክ ቀለም የቀቡትም እንደ ኪኞኔስ ያሉ ሠዓሊዎች ራሳቸው ናቸው። በድራማ ትምህርት ቤት የሠለጠነ ተዋናይ ይህን ሁሉ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ በከተማ ወጣቶች ላይ የሚሠራ ፊልም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ትወናው ጥራት ሳይሆን፣ ልጆቹ በሥራው ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንደነበራቸው ይመስለኛል።

አኸርን ራሱ የብሮንክስ ልጅ አይደለም፤ ነጭ ነው፣ የሠፈሩን ባሕል ሸጦ አትርፎበታል የሚሉ አሉ። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ካሜራ ይዞ ድሃ ሠፈር የሚገባ ሁሉ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ፊልሙን እንሥራ ብሎ ሐሳቡን ያመጣለት የሂፕ ሆፕ አርቲስቱ ፋብ ፋይቭ ፍሬዲ ነው፤ ሙዚቃውን በማዘጋጀትም በመተወንም አብሮት ሠርቷል። ገንዘቡም የመጣው ከሆሊውድ ሳይሆን ከእንግሊዙ ቻናል ፎር እና ከጀርመኑ ዜድዲኤፍ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነበር። እንግድነት ብቻውን ቢያስነቅፍማ የጎንደሩ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማም በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሠፈር «ቡሽ ማማ»ን ባልሠራ ነበር። የዚያ ፊልም መክፈቻ ላይ የሚታየው ፖሊስ የተቀጠረ ተዋናይ አይደለም፤ የኃይሌን የቀረጻ ቡድን በእውነት አስቁሞ ሲፈትሽ የተቀረጸ ነው። ኃይሌ የሠፈሩን ሰዎች ከሩቅ ከማየት ይልቅ እነሱ ላይ የሚደርሰው በራሱ ላይ ሲደርስ ቀረጸው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ጥፋትን ያሞግሳሉ የሚለው ነው። ባቡር ላይ መሣል ሕገወጥ ነበር፤ የማጽጃውን ወጪ የሚሸፍነውም ግብር ከፋዩ ነበር። የቶኒ ሲልቨርና የሄንሪ ቻልፋንት «ስታይል ዋርስ» ዘጋቢ ፊልም ግን ይህን አልሸሸገም። የወቅቱን የኒው ዮርክ ከንቲባ ኮችንም፣ የሌሎችን ሥዕል እየሠረዘ የሚያበሳጭ ወጣትንም ያሳየናል። ከሁሉ የማይረሳው አንዲት እናት ባቡር ላይ የሚሥል ልጇን በኩሽና ውስጥ የምትሞግትበት ትዕይንት ነው፤ ከባለሥልጣናቱ መግለጫ ሁሉ ይበልጥ ጥያቄውን በቦታው ያስቀምጠዋል። አሞጋሽ ፊልም ልጇን የምትረታ እናት አያስገባም። ሥዕል ያለበት የመጨረሻው ባቡር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1989 ከአገልግሎት ወጥቷል። ከተማዋ ፍላጎቷን አሟልታለች፤ ሥዕሎቹም ዛሬ የሚታዩት በእነዚህ ፊልሞችና በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባን ወጣቶች ሕይወት ለመቅረጽ የምታስቡ ዳይሬክተሮችና ፕሮዲውሰሮች፣ ድርሰቱን ሳትጨርሱ ለልጆቹ አስነብቡ። እኛ እንዲህ አንናገርም ብለው የሠረዙትን ቃል መልሳችሁ አታስገቡት።