«ለምን ወጣሽ?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት እኅት ቤታችን መጥታ መሸኛ እንድንጽፍላት ጠየቀችን። ባለቤቴ ገና አልተመለሰም ነበርና ቡና አቀራርቤ አስቀመጥኳት። ከአፌ ቀድሞ የወጣው ግን «ማን አስቀየመሽ?» የሚል ነበር። «ማንም አላስቀየመኝም፣ እትዬ። ጥያቄ ነበረኝ፤ እናንተ ግን ጥያቄዬን አመፅ አላችሁት» አለችኝ። ስኒው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እኔም ከአንድ ኅብረት ስወጣ ይህንኑ ቃል በልቤ ይዤ ነበርና።

ሐቁን እንነጋገር ካልን፣ እኛ የመውጣት ምስክርነት እንወዳለን። ሰው ከሌላ ቤት ወጥቶ ወደ እኛ ሲመጣ ማይክራፎን እንሰጠዋለን፣ እልል እንልለታለን። ከእኛ የወጣች እንደ ሆነ ግን «ቀዘቀዘች»፣ «ዓለም ወሰዳት» ብለን እንዘጋዋለን። ለምን እንደ ወጣች የሚጠይቃት የለም፤ ብንጠይቅም መልሱን አስቀድመን ይዘን ነው። እኔንም ብዙዎቻችሁ በደብዳቤም በአካልም ጠይቃችሁኝ ሸሽቻለሁ። ዛሬ ልናገር።

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ግን የዓባይ ማዶ፣ የእስቴ ሰው ነበረች። ከሞጣ ወደ ቆላው ሲወረድ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ አለ፤ የአገሩ ሰው «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን ሰበሩት ይባላል። ጣሊያን ሄደ፤ ስብራቱ ግን ለስድሳ ዓመት ያህል እንዳለ ቀረ። ገበያተኛው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያም ከወዲህም የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት፣ ከበታቹ ዓባይ እየጮኸ ይሻገር ነበር። የአያቴ ወንድም ሊጠይቀን የሚመጣው እንዲሁ በገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን የገመድ ጉዞ በፎቶግራፍ ያየ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ልቡ ተነክቶ በማግሥቱ ዓመት ድልድዩን አስጠገነ። የኋላ ኋላ ጥገናውን ጎርፍ ስለ ወሰደው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አያቴ የድልድዩ ነገር ሲነሣ «ለጠላት ብለው ሰበሩት፤ ሳንሻገር የቀረነው እኛ» ትል ነበር። ነገሯ የገባኝ እሷ ካረፈች በኋላ ነው።

አዲስ አበባ መጥቼ ጌታን ካገኘሁ በኋላ በአንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚሰበሰብ የጸሎት ኅብረት ውስጥ ገባሁ። ክፉውን ብቻ ባወራ ኃጢአት ይሆንብኛል። በቀን ዐሥር ምዕራፍ ማንበብን፣ ሌሊት ተነሥቶ መጸለይን የተማርኩት እዚያ ነው። ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ እኅቶች ተራ ገብተው አጥሚት እያጠጡ አስታመሙኝ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተወደድኩበት ቦታ ብዙ አላየሁም።

አጥሩ ግን በየወሩ ከፍ ይል ነበር። ሱሪ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ሬዲዮ ተከለከለ፤ ይህ አላስጨነቀኝም። ቀጥሎ ከቤተ ሰብ የሚመጣ ደብዳቤ መጀመሪያ በመሪያችን እጅ ማለፍ ጀመረ። ማን ማንን እንደሚያገባ በራእይ ይነገረን ጀመር። «ለምን?» ያለ ሁሉ የአመፅ መንፈስ አለበት ተባለ። እኔ አላልኩም። ይልቁንም ያሉትን አሳልፌ የምነግር እኔ ነበርኩ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

አያቴ ማረፏን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። እናቴ ለአርባው ተዝካር እንድመጣ ላከችብኝ። ለመሪያችን ስነግር «የሙታን ማዕድ ነው፤ ከሄድሽ እንዳትመለሺ» ተባልኩ። አልሄድኩም። እግዚአብሔርን የታዘዝኩ መስሎኝ ያን ቀን ጾሜ ዋልኩ። ከወራት በኋላ እናቴን ሳገኛት አልተቆጣችኝም። «እኔ መቼ ተዝካር ብዪ አልኩሽ? ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ ጋገራ ላይ ነበር፤ ውኃ የሚቀዳልኝ ሰው አጣሁ» ብቻ አለችኝ።

እኔ የወጣሁት በዚያ እንሥራ ውኃ ምክንያት ነው። የነገረ መለኮቱን ክርክር የተማርኩት ቆይቼ ነው። ዛሬም ቢሆን ተዝካር ለሞተው ሰው ነፍስ ይጠቅማል ብዬ አላምንም፤ በዚህ አልለወጥኩም። ግን ውኃ መቅዳት ተዝካር መብላት ነውን? ያሳደገችኝን ሴት ልጅ፣ እናቴን፣ በኀዘኗ ቀን ብቻዋን የተውኩበትን ምክንያት በምን ጥቅስ ልሸፍነው? ከወጣሁ በኋላ አንድ ብርድ ልብስ የተጋራን እኅት መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ተሻገረች። ሁለት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ አልገለጥኩም። የመለሱኝ ለምን እንደ ወጣሁ ያልጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው፤ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራችንን አንኳኩተው «ምሳ በላሽ?» ይሉኝ ነበር።

የአውራምባውን የአቶ ዙምራ ኑሩን ታሪክ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ እሳቸውም ከአያቴ አገር ከእስቴ የወጡ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውላ ስትመለስ ወጡም እንጀራውም እግር ማጠቡም በእሷ ላይ ለምን እንደሚወድቅ፣ ስድቡም ለምን ለእሷ እንደሚተርፍ ይጠይቁ ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ ለምን እንደማይበላም ጠየቁ። ቤተ ሰባቸው ልጁ ታሟል አለ። ልጁም ከቤት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከጥቂት ሰዎች ጋር በፎገራ የአውራምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌለበት፣ ወንዱ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ሴቷ በሬ ጠምዳ የምታርስበት፣ አቅመ ደካማ ሽማግሌ የሚጦርበት መንደር ነው። ጎረቤት ስላልወደዳቸው በደርግ መጨረሻ እስከ ቦንጋ ተሰድደው ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ተመለሱ። በእምነታቸው አልስማማም፤ ያለ ክርስቶስ መዳን የለም ብዬ የማምን ሰው ነኝና ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ያ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ የነቢያት ጥያቄ አልነበረም? «ታሟል» በማለት ፈንታ ቁጭ ብሎ የሚሰማው አንድ የሃይማኖት አባት በዚያ ቀዬ ቢገኝ ኖሮ እላለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ስንደርስ ከክፍል ወጥቼ አለቀስኩ። አባትና እናቱን ሊጦርበት የሚገባውን ሀብት «ቍርባን ነው» ብሎ የሚያስቀረውን ሰው ጌታ እንዴት እንደ ገሠጸው ታውቃላችሁ። ንዕማንስ? ከለምጹ ነጽቶ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ለሌላ አልሠዋም ካለ በኋላ፣ ጌታው እጁን ተደግፎ ወደ ሬሞን ቤት ሲገባ አብሮ መግባቱ እንዳይቆጠርበት ለመነ፤ ኤልሳዕም በሰላም ሸኘው (2ነገ. 5፥18-19)። ያቺን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤያት ነበር! በቀን ዐሥር ምዕራፍ ሲነበብ እንዲህ ነው መሰለኝ፣ ይታለፋል።

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። የእሷ ጥያቄ ምን ነበር? ወንድሟ ቢቸና ላይ በተክሊል ሲያገባ የሙሽራዋ ሚዜ ሆና ቆመች። ከመዘምራን ለስድስት ወር ታገደች። «ወንድሜን መውደዴ የቱ ጋ ነው ኃጢአት የሆነው?» ብላ ለስብሰባው ጠየቀች፤ መልስ የሰጣት አልነበረም። በዚያ ስብሰባ እኔም ነበርኩ። የሴቶች አገልግሎትን ወክዬ ተቀምጬ፣ እጄን ሳላነሣ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜ ወጣሁ። በቤታችን ሰላም እንዳይደፈርስ ብዬ ነው፤ ለጠላት ብለው እንደ ሰበሩት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ የእንሥራውንም ነገር። ይቅርታም ጠየቅኋት። አለቀሰች እንጂ ሐሳቧን አልለወጠችም፤ እኔም እንድትለውጥ አልለመንኳት። «ወንድምሽ ደኅና ነው?» ስላት ፈገግ ብላ ሚስቱ ማርገዟን ነገረችኝ።

ባለቤቴ መጣና መሸኛውን ለመጻፍ ተቀመጠ። ቅጹ ላይ «የለቀቁበት ምክንያት» የምትል መስመር አለች፤ ሁልጊዜ «በግል ጉዳይ» እያልን ነው የምንሞላት። እስክሪብቶውን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔን አትየኝ፤ እሷ ትንገርህ» አልኩት።