መሣሪያው ብቻውን አያይም

የነጋዴ ሥራ ዕቃን ከወደብ አንሥቶ ለገዢ በማስረከብ ይፈጸማል የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ለጨርቅና ለስኳር ይበቃ ይሆናል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ለምትመረመርበት አልትራሳውንድ ግን አይበቃም።

ይህን ምርመራ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ በግላስጎው ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ለሕክምናው ዓለም አስታወቁ። መነሻውም በፋብሪካ የብረትን ስንጥቅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚሁ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትመረመር መክሯል። ይሁን እንጂ ምስሉን የሚያወጣው የመርማሪው እጅ ነው፤ መዳሰሻው ያለ ቦታው ቢያጋድል የፅንሱ ራስ ልኬት ይሳሳታል፥ ከልኬቱም የሚሰላው የእርግዝና ዕድሜ ይዛባል።

ታዲያ ተማሪው እጁን በማን ላይ ያፍታታ? በእናቲቱ ላይ ነውን? አብራሪ መንገደኛ ሳይጭን ምድር ላይ በቆመ ሲሙሌተር እንደሚለማመድ ሁሉ፥ ለአልትራሳውንድም በሰው አምሳል የተሠራ ገላ፥ መዳሰሻና ኮምፒዩተር ያለው ሲሙሌተር አለ። ተማሪው መቶ ጊዜ ቢሳሳት የሚጎዳ የለም፤ በሥራ ላይ እምብዛም የማይገጥመውን የፅንስ ጉድለትም ደጋግሞ ያያል። እርግጥ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በአስተማሪ ፊት እናቶችን መመርመርንም አይተካም።

ስለዚህ አስመጪዎች ሆይ፥ የመሣሪያውን ዋጋ ስናቀርብ የሥልጠናውንም አብረን እናቅርብ። አንድ ሲሙሌተር ለብዙ ሐኪም ቤቶች በጋራ ሊያገለግል ይችላል። የሚያውቅበት ያጣ መሣሪያ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ከዚህም የሚከፋው በማያውቅ እጅ ሲሠራ ነው፤ ያን ጊዜ የሚከስረው ገዢው ብቻ አይደለም።